ከወንበር ፋብሪካ የወጣው ብሉዝ፦ ትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች አንድን ሙዚቃ እንዴት አተረፉት?

የሚሲሲፒውን የብሉዝ ዘፋኝ የቻርሊ ፓተንን ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ይንጣጣል? እውነት ነው፣ ይንጣጣል። ቡና ሲቆላ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከላይ ተደርቦበት፣ ከሥር አንድ ጎርናና ሰውዬ ጊታሩን እየደበደበ ይዘፍናል፤ ግማሹን ቃል ለመያዝ ያስቸግራል። ጫጫታው የመጣው ግን ከራሱ ከታሪኩ ነው። የምንሰማው ድምፅ ከኩባንያ መጋዘን ከወጣ ንጹህ ማስተር (ሸክላው ከሚታተምበት ዋና ቅጂ) አልተቀዳም፤ ማስተሩ ከጠፋ ቆይቷል። የተቀዳው አንድ ሰው በ75 ሳንቲም ገዝቶ፣ ቤቱ ወስዶ፣ መርፌው ሸክላውን እስኪበላው ድረስ ደጋግሞ ካጫወተው ኮፒ ላይ ነው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነው። የጥንቱን ብሉዝ፣ ያንን የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ፣ በአብዛኛው ያተረፈው ገበያ ነው። ትንንሽ ነጻ ሙዚቃ ቤቶች ለትርፍ ብለው አሳትመው በየሰው ቤት በተኑት፤ ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌሎች ትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች የተበተነውን እየለቀሙ እንደገና አሳተሙት። በመሃል ገንዘቡ ዘፋኞቹ ኪስ ሳይገባ ቀረ፤ ያንንም አልዘለውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ "ነጻ ሙዚቃ ቤት" የምንለው ላይ እንግባባ። በ1910ዎቹ የአሜሪካ የሸክላ ገበያ በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ ቪክተር፣ ኮሎምቢያ፣ ኤዲሰን። ከእነዚህ ውጪ ሆኖ በራሱ ገንዘብ የሚቀርጽ፣ በራሱ ስም የሚያሳትም፣ ኪሳራውንም ራሱ የሚሸከም ሲሆን ነጻ እንለዋለን። ያኔ ታዲያ እንዲህ መሆን ቀላል አልነበረም። ትልልቆቹ ከገንዘብና ከፋብሪካ በላይ አንድ ነገር ይዘው ነበር፤ የፈጠራ መብት። መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ የሚያነብበትን ዘዴ ቪክተር የእኔ ነው ይል ነበር። ሌላው ከፈለገ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ሸክላ ይሥራ፤ ያንን ግን አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ማጫወቻ አያጫውትም። ስለዚህ በሩ ዝግ ነው።

በሩን ያስከፈተው የፒያኖ ፋብሪካ ነው። ሪችመንድ፣ ኢንዲያና የሚገኘው ስታር የፒያኖ ኩባንያ ጄኔት የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ እሱ የተከለከለውን ዓይነት ሸክላ ማተም ጀመረ። ቪክተር ከሰሰ። ሌሎች ትንንሽ ኩባንያዎችም ነገ ተራው የእኛ ነው ብለው ከጄኔት ጎን ቆሙ። በ1921 ዳኛ ለርንድ ሃንድ ለጄኔት ፈረዱለት፤ ይግባኙም አላዋጣም። በፍርዱ ውስጥ ስለ ብሉዝ አንድም ቃል የለም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ክፍል፣ አንድ መቅረጫና ትንሽ ካፒታል ያለው ሁሉ ሸክላ ማሳተም ቻለ፤ ከዚህ በታች የማወራችሁ ነገር አብዛኛው ያለዚህ ፍርድ የሚታሰብ አልነበረም።

ከፍርዱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1920፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ኦኬህ የሚባል ሌላ ነጻ ሙዚቃ ቤት ማሚ ስሚዝ የምትባል ጥቁር ድምፃዊት ብሉዝ አስዘፍኖ ቀረጸ። ጥቁር ሴት ብሉዝ ዘፍና ስትቀረጽ ያ የመጀመሪያው ነው። ከጀርባ ሆኖ ነገሩን የገፋው ጥቁሩ የዜማና ግጥም ደራሲ ፔሪ ብራድፎርድ ሲሆን፣ የራሳችን ሰው ከዘፈነ ሕዝባችን ይገዛል እያለ በየኩባንያው ደጅ ሲጠና ከርሟል። ትክክል ነበር። ሸክላው እንደ ጉድ ተሸጠ። ኩባንያዎቹ ከድንጋጤያቸው ሲነቁ ሁሉም ለጥቁር ገዢዎች ብቻ የሚሆን የተለየ ካታሎግ ከፈቱ፤ "ሬስ ሪከርድስ" (የዘር ሸክላዎች) ይሉት ነበር። በዘር የተከፋፈለው አገር የሸክላ መደርደሪያውንም ከፋፈለው።

በ1921 ሃሪ ፔስ የሚባል ጥቁር ነጋዴ በጥቁሮች ባለቤትነት የሚመራ ብላክ ስዋን የሚባል ሙዚቃ ቤት ኒው ዮርክ ውስጥ አቋቋመ። ከቦርዱ አባላት አንዱ የጥቁሮች መብት ታጋዩ ምሁር ዱ ቦይስ ነበሩ። ድምፃዊቷን ኢተል ዋተርስን ያወጣው እሱ ነው። ሌላዋን የብሉዝ ድምፃዊት ቤሲ ስሚዝን ግን ሞክሮ አልቀበልም አላት፤ ድምጿ ለእነሱ ጨዋ ሙዚቃ አልሆነም። በ1923 መጨረሻ ከሰረ። ይሄ ሙዚቃ ቤት ቢዘልቅ ኖሮ የብሉዝ ገንዘብ ወዴት ይሄድ እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል፤ ካታሎጉ የሄደው ወደ ፓራማውንት ነው።

ፓራማውንት ላይ ቆም እንበል። ከሆሊውዱ ፊልም ኩባንያ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም። ባለቤቱ ፖርት ዋሽንግተን፣ ዊስኮንሲን ውስጥ የሚገኝ የወንበር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለሌሎች ኩባንያዎች የሸክላ ማጫወቻ ሣጥን ይሠራ ነበር፤ ቆይቶ ማጫወቻውን ራሱ መሥራት ጀመረ፤ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ሸክላ ይፈልጋልና ሸክላም ማተም ጀመረ። አቆጣጠሩ የዕቃ ነጋዴ አቆጣጠር ነው። ሸክላው በጥራት ከቪክተር ጋር አይወዳደርም፤ ሲያትሙት ርካሽ ውህድ ስለሚጠቀሙ ገና ከሱቅ ሲወጣ ያንሾካሹካል። ስለዚህ በነጮቹ ገበያ አልሆነላቸውም። በ1922 ፊታቸውን ትልልቆቹ ወደናቁት ገበያ አዞሩ።

አንድ ነገር ግን በትክክል ገብቷቸዋል፤ ገዢው የት እንዳለ። የደቡቡ ጥቁር ገበሬ የሙዚቃ ሱቅ የለውም፣ ቢኖርም በደህና አይስተናገድም። ስለዚህ ቺካጎ ዲፌንደር በሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ከነሥዕሉ ያወጣሉ፤ ከማስታወቂያው ሥር የትዕዛዝ ወረቀት አለ፤ ገበሬው ሞልቶ ይልካል፣ ሸክላው በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። በባቡር ላይ የሚሠሩት ጥቁር አስተናጋጆችም ሸክላ ይዘው በየጣቢያው ይሸጡ ነበር። ሙዚቃው የተዳረሰው በዚህ መንገድ ነው። ሜምፊስን ረግጦ የማያውቅ የጆርጂያ ልጅ የቴክሳሱን ዓይነ ስውር ብላይንድ ሌመን ጀፈርሰንን ሰምቶ ጣቱን እሱን አስመስሎ ማንቀሳቀስ ይማራል። ጀፈርሰን በ1926 ታዋቂ ከሆነ ወዲህ እስከሞተበት እስከ 1929 ድረስ ወደ 100 የሚጠጉ ዘፈኖች ቀርጿል። ከሱ በፊት ደግሞ ከ1923 ጀምሮ ድምፃዊቷ ማ ሬይኒ ነበረች፤ የፓራማውንትን ስም በደቡብ ያስጠራች እሷ ናት።

ዘፋኞቹን ማን ያገኛቸዋል? ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ፋሪሽ በሚባለው የጥቁሮች የንግድ ጎዳና ላይ ኤች ሲ ስፒር የሚባል ነጭ ሰው የሙዚቃ ሱቅ ነበረው። ሱቁ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ደንበኞች ስለሚገቡበት ምን እንደሚሸጥ ያውቃል። መንገድ ላይ ወይ ጥጥ እርሻ ላይ የሚጫወት ሲሰማ አስጠርቶ ይፈትናል፤ ከወደደው ለሙዚቃ ቤቶቹ ይልከዋል። ፓተንን፣ ቶሚ ጆንሰንን፣ ስኪፕ ጄምስን የላከው እሱ ነው። ፓተን በጁን 1929 ሪችመንድ ሄዶ እዚያው ጄኔት ስቱዲዮ ውስጥ ለፓራማውንት በአንድ ቀን 14 ዘፈን ቀረጸ። ስቱዲዮው ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው፤ ባቡር ሲያልፍ ቀረጻው ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ፓራማውንት የራሱን ስቱዲዮ ግራፍተን በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ከፈተ። በ1930 ሰን ሃውስና ዊሊ ብራውን፣ በ1931 በፌብሩዋሪ ብርድ ስኪፕ ጄምስ ከሚሲሲፒ እዚያ ድረስ በመሄድ ቀረጹ።

አሁን አንድ የቴክኒክ ነገር ላስገባ፤ ሳይገባን ብናልፈው ቀሪው አይገባንም። በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀረጸው በሰም ላይ ነው። መርፌ ሰሙን እየቧጠጠ ቦይ ያወጣል። ሰሙ በብረት ይለበጣል፣ ብረቱ ሲላቀቅ የቦዩን ግልባጭ ይይዛል፤ እሱ ነው ማስተሩ። ሸክላው የሚታተመው ከዚያ ነው። ሰሙ በዚሁ ሂደት ያበቃለታል። ስለዚህ ብረቱ ከጠፋ የቀረው ሕዝብ እጅ ያለው ሸክላ ብቻ ነው፤ ሸክላው ደግሞ ሲወድቅ ይሰበራል። በዚያ ላይ አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ጭፈራ ቤት ውስጥ ግማሽ ሌሊት የሚያስጨፍር ዘፈን ለሸክላ ሲባል ሦስት ደቂቃ ላይ ይቆረጣል። እኛ ዛሬ "የብሉዝ ዘፈን ቅርጽ" የምንለው ነገር በከፊል የሸክላው ስፋት የወሰነው ነው።

ክፍያውስ? በዘፈን ተቆርጦ አንዴ ይሰጣል፤ በዚያው አለቀ። ከሽያጩ የሚመጣ የለም። የደራሲነት መብቱንም ብዙ ጊዜ ኩባንያው በራሱ አሳታሚ ስም ያስመዘግበዋል። ፓራማውንት ውስጥ ዘፋኞችን ይመለምል የነበረው ማዮ ዊሊያምስ ራሱ ጥቁር ነው፤ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ (የአሜሪካኑን) የተጫወተ፣ በዘመኑ በሙዚቃ ንግድ ውስጥ ትልቅ ቦታ ከደረሱት ጥቂት ጥቁሮች አንዱ። ጆሮው ድንቅ ነበር። መብቱን በማስመዝገብ በኩል ግን ዘፋኞቹን አልጠቀመም። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዱን መዝለል ሐሰት ይሆናል።

ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። በ1927 ከ100 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ጥጥ ዋጋ ሲያጣ ገበሬው መጀመሪያ የሚተወው ሸክላ ነው። የስኪፕ ጄምስ ዘፈኖች በዚህ መሃል ስለወጡ የገዛቸው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ፓራማውንት በ1932 መቅረጽ አቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። የብረት ማስተሮቹ አብዛኞቹ ለቁራሌው ተሸጡ። ሠራተኞቹ ተናደው ማስተሩንም ሸክላውንም ወንዝ ውስጥ ወረወሩት የሚል ወሬ አለ፤ በኋላ ጠላቂዎች ወንዙን አስሰው ምንም አላገኙም። ቁራሌው በቂ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የሸክላው ጥሬ ዕቃ ከህንድ ስለሚመጣ እጥረት ሆነ፣ አሮጌ ሸክላም እየተሰበሰበ እንዲቀልጥ ተደረገ። ምን ያህል ዘፈን በዚያ እንደሄደ ማሰብ ያማል።

ከጦርነቱ በኋላ ስለተነሡት ትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች ባጭሩ ልለፍ፤ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከፖላንድ የመጡት አይሁዳውያን ወንድማማቾች ሌናርድና ፊል ቼስ ቺካጎ ላይ፣ ሊሊያን መክመሪ ጃክሰን ላይ፣ ሳም ፊሊፕስ ሜምፊስ ላይ። ትልልቆቹ ብሉዙን ጥለውት ሲሄዱ ያነሡት እነዚህ ናቸው። የብሉዝ ዘፋኙ ሙዲ ዋተርስ በ1948 ያወጣው ሸክላ ቺካጎ ውስጥ በአንድ ቀን አልቆ፣ እሱ ራሱ ሊገዛ ቢሄድ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ አንሸጥም ተባለ ይላሉ። የቼስ ሸክላ ባሕር ተሻግሮም ሄዷል። በ1961 በኋላ ሮሊንግ ስቶንስ የተባለውን ባንድ የመሠረቱት ሚክ ጃገርና ኪዝ ሪቻርድስ እንግሊዝ አገር ዳርትፎርድ ባቡር ጣቢያ ላይ ሲገናኙ ወሬ ያስጀመራቸው ጃገር በብብቱ የያዘው የቼስ ሸክላ ነው።

የጥንቱ ብሉዝ ግን በዚህ ጊዜ የሞተ ያህል ነበር። ያነሡት ሰብሳቢዎች ናቸው።

በ1952 ፎክዌይስ የሚባለው የሞዘስ አሽ ሙዚቃ ቤት ሸክላ ሰብሳቢው ሃሪ ስሚዝ ከራሱ ስብስብ የመረጣቸውን 84 የ1920ዎቹና የ30ዎቹ ቀረጻዎች በ6 ሸክላ አወጣ። ከባለመብቶቹ ኩባንያዎች ፈቃድ አልተጠየቀም፤ ትልልቆቹ ግን ዘፈኖቹን እንኳን ሊሸጡ ረስተዋቸው ነበር። በ1960 ሁለት ሰብሳቢዎች ኦሪጅን ጃዝ ላይብረሪ የሚል ሙዚቃ ቤት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ቻርሊ ፓተን ነው። ትንሽ ቆይቶ ኒክ ፐርልስ ያዙ ሪከርድስን ከፈተ። የያዙ ሥራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የአንድ ዘፈን ኮፒ ያላቸውን ሰብሳቢዎች ያጠያይቃሉ፣ ሁለት ሦስቱን ያነጻጽራሉ፣ ከሁሉ ያልተጫረውን ይመርጣሉ፣ ለቦዩ የሚስማማ መርፌ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ ይቀዳሉ። ያቺ አንዲት ደህና ኮፒ የሆነ አያት አልጋ ሥር ካልተገኘች ዘፈኑ የለም።

ኮፒዎቹስ ከየት መጡ? ከበር በር። ጌይል ዲን ዋርድሎው የሚባል የሚሲሲፒ ወጣት የጥቁሮች ሰፈር እየገባ ያንኳኳል፤ አሮጌ ሸክላ አላችሁ? እገዛለሁ። የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ውስጥ ሠርቶ ያውቃልና ለዚያም ሲገባ ይጠይቃል። የሚያገኛቸው አብዛኛውን ጊዜ አሮጊቶች ናቸው፤ እነሱ ናቸው 30 ዓመት ሙሉ ሸክላውን ሳይሰብሩ ያቆዩት። የሰብሳቢዎቹ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ የእነዚያ እናቶች ስም የትም የለም። ለእኔ የዚህ ቅርስ ጠባቂዎች መጀመሪያ እነሱ ናቸው።

ሸክላዎቹ ሰውም አስገኝተዋል። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ከቀረጸ በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ፎክዌይስ ከዘፈኖቹ ሁለቱን አውጥቷል፤ ሰው ግን ሞቷል ብሎ ደምድሟል። በሌላ ዘፈኑ ውስጥ አቫሎን አገሬ ናት ይላል። ቶም ሆስኪንስ የሚባል ወጣት በ1963 አቫሎንን በካርታ ፈልጎ ሄደ፤ ሽማግሌውን እዚያው ከብት ሲጠብቅ አገኘው። በዚያው ዓመት ኸርት ኒውፖርት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሺዎች ፊት ዘፈነ። ሌላው የጥንት ዘፋኝ ቡካ ዋይት ደግሞ በዘፈኑ አበርዲን፣ ሚሲሲፒን አንሥቷል፤ ታኮማ የምትባል ትንሽ ሙዚቃ ቤት የነበረችው ጊታሪስቱ ጆን ፌሂ "ለአሮጌው የብሉዝ ዘፋኝ" ብሎ በአበርዲን ፖስታ ቤት በኩል ደብዳቤ ላከ። ደረሰው። ስኪፕ ጄምስን በ1964 ያገኙት ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ዘፈኑን ሲጫወትለት፣ በ1931 ካገኘው የሚበልጥ ገንዘብ ያኔ አየ።

ገንዘቡን በሚመለከት ለየት ያለ ሰው ልጥቀስ። ክሪስ ስትራክዊትስ በልጅነቱ ከጀርመን ተሰዶ ካሊፎርኒያ የገባ አስተማሪ ነው። በ1960 አርሁሊ የሚባል ሙዚቃ ቤት አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው ናቫሶታ፣ ቴክሳስ ያለ ማንስ ሊፕስከም የሚባል ጭሰኛ ገበሬ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ለመንደር ጭፈራ ሲጫወት ኖሮ ማንም ቀርጾት አያውቅም። 250 ኮፒ ታተመ፤ ሽፋኑን በእጃቸው ለጠፉት። በኋላ ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 አርሁሊ ያሳተመውን የብሉዝ ዘፋኙን የፍሬድ መክዳወልን ዘፈን ሲጫወቱ ስትራክዊትስ ለመክዳወል የሚገባው እንዲከፈል ታገለ፤ ሰውዬው በ1972 ከመሞቱ በፊት ቼኩ ደርሶታል። ይቻል ነበር ማለት ነው። ሌሎቹ "ያኔ አሠራሩ እንደዚያ ነው" ሲሉ እኔ ይሄን ቼክ አስባለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰብሳቢዎቹ ብርቅ ሸክላ ይወዳሉ፤ ብርቅ የሚሆነው ደግሞ ያልተሸጠው ነው። ስለዚህ በእንደገና ኅትመቱ ጎልቶ የወጣው ጊታር ይዞ ብቻውን የሚዘፍን ወንድ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ሕዝቡ ተሰልፎ የገዛቸው ሴቶች ወደ ኋላ ቀሩ። ብሉዝ ሲባል ስኪፕ ጄምስ ትዝ የሚለው ሰው በዘመኑ የነበረ ጥቁር ቤተሰብ ቢጠየቅ ማ ሬይኒን ነበር የሚጠራው። ይሄን ለማረም በ1979 ሮዜታ ራይትስ የምትባል ሴት የሴቶቹን ብቻ የሚያሳትም ሮዜታ ሪከርድስን ከፈተች። ኦስትሪያዊው ጆኒ ፓርት ደግሞ በዶክዩመንት ሪከርድስ ምርጫውን ጭራሽ ተወው፤ የተጫረም ይሁን የተሰነጠቀ፣ የእያንዳንዱን ዘፋኝ ሥራ በቀረጻ ቅደም ተከተል ያገኘውን ሁሉ አወጣ። ለመስማት ያዙ ይሻላል፤ ለታሪክ ግን ፓርት የሠራው ሥራ ተወዳዳሪ ያለው አይመስለኝም።

ፍለጋው አላለቀም። በ2013 የቶሚ ጆንሰን አንድ የፓራማውንት ሸክላ ከ37 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል፤ ከዚያ በፊት የሚታወቀው ሌላ ኮፒ አንድ ብቻ ነበር። ዊሊ ብራውን ግራፍተን ላይ ከቀረጻቸው መሃል አንድ ሸክላ፣ ሁለቱም ገጽ፣ እስካሁን አልተገኘም።

መስማት ለምትፈልጉ፣ ፎክዌይስን የአሜሪካው የሙዚየም ተቋም ስሚዝሶኒያን በ1987፣ አርሁሊን ደግሞ በ2016 ተረክቦ ሁሉም እንዲገኝ አድርጎታል። በፓተን አትጀምሩ። መጀመሪያ ሊፕስከምንና መክዳወልን ስሙ፤ ቀረጻው ጥርት ያለ ስለሆነ ጣቶቻቸው ምን እንደሚሠሩ ይሰማል። ከዚያ ጆን ኸርትን፣ የ1928ቱን ከ1960ዎቹ ጋር አነጻጽሩ። ፓተን ጋ ስትደርሱ ጆሯችሁ ከጫጫታው ሥር መግባት ለምዷል።